ራስን ስለሚሸከሙ ሁለት አጥንቶች

የሰው ራስ ክብደቱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን ሸክም የሚሸከሙት የአንገት አጥንቶች በቍጥር 7 ሲሆኑ፥ ሁለቱ የላይኞቹ በመልክም በሥራም ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው። ፊተኛው ቀለበት ይመስላል፤ ሐኪሞችም አትላስ ይሉታል፤ ይኸውም በጽርእ ተረት ሰማይን ተሸከመ በተባለው ኀያል ስም ነው። ሁለተኛው አክሲስ ይባላል፤ ከላዩ እንደ ጥርስ ያለ አጥንት ቆሞበታልና፥ ቀለበቱ በር በማዞሪያው ላይ እንደሚዞር በዚያ ጥርስ ይዞራል። ሰው ራሱን ዝቅ ከፍ የሚያደርገው ከአትላስ በላይ ባለው መገጣጠሚያ ነው፤ እንቢ ብሎ ግራና ቀኝ የሚወዘውዘው ግን በአትላስና በአክሲስ መካከል ነው። ከአንገት መዞር ሁሉ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ከአንድ ስፍራ ይገኛል።

በዚህ ጠባብ ስፍራ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ በግራና በቀኝም ወደ አንጐል ደም የሚወስዱ ሥሮች በአጥንቱ ቀዳዳ ይወጣሉ፤ በፊቱም ጕረሮ አለ። እንግዲህ ዕጢ በዚያ በበቀለ ጊዜ የሐኪም ቢላዋ መግቢያ ያጣል። ቢተወው ዕጢው አጥንቱን በልቶ ራስን ያለ ምሰሶ ያስቀረዋል፤ ኅብለ ሰረሰሩንም ሲጫነው እጅና እግር ይሰንፋሉ፥ እስትንፋስም ያሠጋል። ቢያወጣው ደግሞ ምሰሶው ከዕጢው ጋራ ይወጣል። ቤት ሳይፈርስ ምሰሶ መለወጥ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ጎጆ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

በወጣው አጥንት ፈንታ ብዙ ጊዜ ይገባ የነበረው ከቲታኒየም የተሠራ ወንፊት መሳይ ቱቦ ነው። ቱቦው ግን በዚያ ስፍራ መልክ ስላልተሠራ በደንብ አይገጥምም፤ ስለዚህ እንዳይናወጥ ታማሚው በራስ ቅሉ ላይ በብሎን የተያዘ የብረት ቀለበት ደፍቶ ወራት ይቈይ ነበር፤ ተኝቶ ለማረፍ እንኳ አይመችም።

በ2014 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር፥ በቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ሆስፒታል ሊዩ ጆንግጁን የተባሉት ሐኪም ሌላ መንገድ ሞከሩ። የ12 ዓመት ልጅ ኢዊንግ ሳርኮማ በሚባል ክፉ ነቀርሳ አክሲሱ ተበልቶበት ነበር። የልጁ አንገት በራጅ ተነሥቶ መልኩ ከተለካ በኋላ፥ መኪና የቲታኒየም ዱቄት በስሱ እየነሰነሰ፥ በኤሌክትሮን ጨረር እያቀለጠ፥ ድርብ በድርብ ላይ እየጨመረ ለእርሱ ብቻ የሚሆን አጥንት ሠራ። አንጥረኛ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፥ በጭቃ ይሸፍናል፥ ኋላ ወርቁን ያፈስሳል፤ ይህ ግን ሰም የሌለው ወርቅ ነውና ባለቅኔ ቢያየው ሳይከራከር አያልፍም። የብረቱ ገጽ ስፖንጅ መሳይ ሆኖ የተሠራው የልጁ አጥንት እያደገ ወደ ቀዳዳዎቹ እንዲገባ ነው። ሥራው በሁለት ጊዜ፥ አስቀድሞ ከኋላ ኋላም ከፊት በመንጋጋ ሥር ተፈጸመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ዕጢው አልተመለሰም፤ ብረቱና አጥንቱም ተያይዘው ነበር።

ነገር ግን ማዞሪያው ከሄደ በሩ እንደ ቀድሞው አይዞርም። ጓደኛው ከኋላው ሲጠራው ልጁ ትከሻውን ጭምር ማዞር ይኖርበታል። አባት በዚህ ምርጫ ፊት ቢቆም ለአንድ ቀን እንኳ አያመነታም፤ ዕድሜ ልኩን በዚያ አንገት የሚኖረው ግን አባት አይደለም።

በ2015 መጨረሻ ደግሞ በአውስትራሊያ፥ በሲድኒ ከተማ፥ ዶክተር ራልፍ ሞብስ ዕድሜው ከ60 ያለፈ አንድ ሰው ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች ኮርዶማ አወጡለት። ይህ ዕጢ ከፅንስ ጊዜ የጀርባ ጅማት ቅሬታ የሚነሣ፥ በዝግታ የሚያድግ፥ ለተራ ጨረር የማይበገር ነው። ሐኪሙ አስቀድመው በታማሚው አንገት አምሳል በተሠራ ቅርጽ ላይ ተለማመዱ፤ ቀኑ በደረሰ ጊዜ በአፍ በኩል ገብተው 15 ሰዓት ሠሩ፥ በታማሚው ልክ የታተመውንም ብረት በስፍራው ተከሉ። ሰውዬው ከሽባነት ዳነ፤ ቢላዋው ያለፈበት አፍ ግን ለመናገርና ለመዋጥ ተቸግሮ ከረመ።