ሦስት መቶ ተመራጭ

የሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲነሳ እኔን የሚገርመኝ አሸናፊው አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። በመላ ሀገሪቱ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ተቃዋሚዎች ያገኙት 3 ብቻ እንደነበር ተዘግቧል። ሦስት! ለየቀበሌው ምክር ቤት የተመደበው ወንበር 300 ስለነበር፣ አንድ ሺህ አባወራ ባለበት የጋይንት ወይም የእስቴ ቀበሌ ከሦስት ቤት አንዱ ተመራጭ ነበረው ማለት ነው። (ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በቀር ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ ስፍራ ያለው የገጠር ቀበሌ ስንት ይሆን?)

የገጠሩ ሰው ግን ውጤቱን እንደ ጋዜጣ አንባቢ አይሰማውም። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት ለአያሌ ቤተሰብ የክፉ ቀን እህል ነበር። በዝርዝሩ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ነገር የሚታየው ደግሞ ቀበሌ ላይ ነው። ስለዚህ በነፋስ መውጫና በወገዳ ዙሪያ ላለው ገበሬ “ማን አሸነፈ?” ከማለት ይልቅ “ከእኛ ጎጥ ማን ገባ?” ማለት ይቀድማል። ይህ ጥያቄ ከፖለቲካ በታች የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ፖለቲካ አላውቅም። ፓርቲው አንድ ቢሆንም፣ የሚያዳላው ጎረቤትና የሚያዝነው ጎረቤት አንድ አይደሉም።

በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አገለሉ። በ2010 ይደረግ የነበረው ተራዘመ። ስሟ ከእርዳታው መዝገብ የተፋቀባት ባልቴት በ2000 ቢያንስ ከ300ው የማንን ደጅ እንደምትጠና ታውቅ ነበር።