የፋይሉ ባለቤት ማን ነው?

ሊኑክስ የብዙ ሰው እጅ የሠራው ሥርዓት ነውና፥ ሁለት ጥቅሎች በአንድ ፋይል ቢጣሉ አያስደንቅም። በደቢያን ላይ አዲስ ጥቅል ሲጫን ዲፒኬጂ የተባለው ጫኚ አንዳንድ ጊዜ ሥራውን ያቆማል፤ ሊጽፍበት ያሰበው ፋይል የሌላ ጥቅል መሆኑን ይናገራል፤ የባለቤቱንም ስም ይጠራል።

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ይህን መልእክት እንደ መሰናክል ቈጥረው በግድ እንዲጽፍ ለማዘዝ ይቸኩላሉ። ለእኔ ግን ታማኝ ዘበኛ ይመስለኛል። በግድ ሲጻፍ የቀድሞው ፋይል ይጠፋል፤ በእርሱ ይሠራ የነበረውም ፕሮግራም በማግሥቱ እንቢ ሊል ይችላል። ኮምፒዩተሩ የጋራችን ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የሚደርሰው ባልቸኮለው ተማሪ ላይ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሁለቱ ጥቅሎች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ እንደ ሆነ፥ አንዱን መርጦ ሌላውን ማንሣት ይበቃል። ፋይሉ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው የተዛወረ እንደ ሆነ፥ ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ አብሮ ማደስ ነው። በአርች ሊኑክስ ፓክማን የተባለው ጫኚ ባለቤት የሌለውን ፋይል እንኳ ዝም ብሎ አይደመስስም፤ ይህን ጊዜ ፋይሉን ከመሰረዝ ስሙን ለውጦ ማቈየት ይሻላል። ጥፋቱ የጥቅሉ አዘጋጅ ከሆነም ለእርሱ ማስታወቅ ለኋለኛው ሰው መንገድ መጥረግ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚጽፍ እጅ፥ ነገ በሌላውም ነገር ይህንኑ ይለምዳል።