ከመዝገብ ወደ መጽሐፍ

የመንግሥት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ያነባል፤ የሚያነበው ግን ማመልከቻ፥ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ ነው። እኛም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥተን ሥራ ከያዝን ወዲህ ለ15 ዓመታት ያህል ዓይናችን ከፊደል አልተለየም፤ ልባችን ግን ከመጽሐፍ ርቆ ቆየ። በተማሪነታችን ደራሲ ለመሆን እንመኝ ነበር፤ የኑሮ ጣጣ ምኞቱን አዘገየው።

ባለፈው ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝተን፥ ልደታ በሚገኘው የጋራ መኖሪያ ቤታችን ልጆች ከተኙ በኋላ ማንበብ ጀመርን። ታሪኩ እንቅልፍ ነሣን፤ ከታሪኩ ይልቅ ያስደነቀን ግን የደራሲው ሕይወት ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ተወልደው፥ የኢጣልያን ወራሪ ተዋግተው፥ በጠላት አገር ታስረው፥ ከነጻነትም በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለው፥ ይህን ልብ ወለድ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው 56 ዓመት ገደማ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የመንግሥት ሥራ የብዕር ጠላት አይደለም። ከጠረጴዛችን ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ መዝገቡ የሚቀበለው ግን ስሙንና ጥያቄውን ብቻ ነው። የቀረውን ማን ይጻፈው?

አሁን በየማታው ጥቂት ገጽ እናነባለን፤ አንድ ገጽም እንጽፋለን። ለኅትመት ይብቃ አይብቃ ገና አናውቅም። ነገር ግን በጡረታ ቀን ከምናስረክበው መዝገብ ሌላ የራሳችን የምንለው አንድ ነገር እንዲኖረን እንሻለን። የሥራ ባልደረቦቻችንም በልጅነት የጀመሩትን መጽሐፍ ዛሬ ማታ ቢገልጡት አልዘገዩም።