ጧፍ በካርቶን ላይ

ላሊበላ፣ ቤተ ጎልጎታ ስንገባ ጓደኛዬ አስረጂ አላስፈለገውም። እዚያ ቅዱሳኑ ሰው ሰው የሚያክሉ ሆነው ከግድግዳው ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በመዳፉ ትከሻቸውን፣ ልብሳቸውን እየዳሰሰ «ይሄኛውስ ካንተ ይረዝማል» አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አያይም፤ ፊደል የቆጠረው በብሬል ነው። ዛሬ አብረን ሥነ ጽሑፍ እንማራለን፤ ቅኔ ሲፈታማ ማንንም አያስጠጋ።

በማግስቱ ገነተ ማርያም ሄድን። እሷም ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለች ናት። ዙሪያዋን የቆሙትን ዓምዶች አንድ በአንድ እያቀፈ ለካቸው። ውስጥ ስንገባ ግን ነገር ተበላሸ። የገነተ ማርያም ሀብቷ ቀለም ነዋ! እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው ይኩኖ አምላክ ሳይቀር ከነጽሑፉ ግድግዳዋ ላይ ተሥሏል። ጓደኛዬ እጁን ሲዘረጋ ቄሰ ገበዙ «ተው ልጄ፣ ቀለሙ ይረግፋል» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ሥዕል የእኛን ላብ አይችልም። ቢነካውስ ምን ሊያገኝ? ለጣት ንጉሡም ባዶው ግድግዳም ያው ናቸው።

እኔ ማውራት ጀመርኩ። መቼም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቅጽል አይቸግረውም፤ ግርማውን፣ ትካዜውን አወረድኩለት። አቋረጠኝ።

«አንተ የምትነግረኝ የተሰማህን ነው። እጁ የት ጋ ነው?»

ማታ ባረፍንበት ቤት ቄሰ ገበዙ የሰጡንን ጧፍ በመዳፌ እያሞቅኩ ካርቶን ላይ በመስመር በመስመር አጣበቅኩት። ሰሙ ሲለሰልስ ደህና አድርጎ ይይዛል። መጀመሪያ የልብሱን ጌጥ ሁሉ አስገባሁ። ጣቱን ሄደበት፣ ተመለሰበትና «ቅርጫት ነው እንዴ?» አለ። ዓይን ሁሉን ባንዴ ያፍሳል፤ ጣት ግን ቁራሽ በቁራሽ ነው የሚለቅመው፣ መስመር ከመስመር ሲጠጋበት ይምታታበታል። ነቃቀልኩና ፊቱንና ትከሻውን ብቻ አስቀረሁ። ሁለቱ ዓይኖች ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። በኋለኞቹ ዘመናት ሥዕሎቻችን ርኩሱ አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ነገርኩት።

«ታዲያ ጻድቅና ኃጥኡን በጣቴ መለየት እችላለሁ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ ታች ሰደደ፤ ካርቶኑ ባዶ ነበር።

«እጁስ?»

ያን ሁሉ ሳወራ እጁን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጎሕ ሲቀድ ቁልፍ የያዙትን ቄሰ ገበዝ ፍለጋ ወጣሁ።