ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው?

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱት ቀበሌዎች ነው። አብዛኞቹ መንደሮች መኪና ስለማይገባባቸው ክትባቱን በማቀዝቀዣ ሳጥን ይዤ የምጓዘው በሞተር ሳይክል ነው። ለበግና ለፍየል የምይዘው የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ደግሞ ሙቀት አይችልም። ሞተሬ በረሃው ውስጥ ከቆመ የምንገላታው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ይበላሻል፣ ፍየሎቹን ከማለዳ ጀምሮ ሰብስባ የምትጠብቀኝ እናት ደክማ ትመለሳለች። ስለዚህ ሞተሬ መንገድ ላይ መጥፋት የጀመረ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

የቀድሞው ሞተሬ ባለ ካርቡሬተር ነበር። ሲጠፋ ካንዴላውን ፈትቼ እጠርጋለሁ፣ ካርቡሬተሩን አውርጄ በቤንዚን አጥባለሁ፣ ይነሳ ነበር። ይኼኛው ግን ኢንጀክሽን ነው። ቤንዚኑን ከሰርባቶዮው ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ይገፋዋል፣ መጠኑን ኮምፒውተር ይወስናል፣ ኢንጀክተሩ ይረጨዋል። እውነቱን ለመናገር ፈራሁት። ኮምፒውተር ያለበት ነገር ላይ የእኔ ዓይንና ጆሮ የሚረዱኝ አልመሰለኝም።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ደጀን ከተማ ውስጥ ሞተሩን ምንም አይለውም። ቁልቁለቱንም በሰላም ይወርዳል። ስመለስ ግን፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ጥላ ሥር ካሳረፍኩት ደግሞ ይነሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የኢንጀክሽን ማስጠንቀቂያ መብራት አንድም ጊዜ በርታ አላየኋትም።

ምክር አላጣሁም። አንዱ «ከፍታው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ይታፈናል» አለኝ። ሌላው በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ጠረጠረ። አንድ ጋራዥ ደግሞ «ፖምፓውና ኮምፒውተሩ ይቀየሩ» ብሎ ከደመወዜ በላይ የሆነ ዋጋ ነገረኝ። ያንን ከመክፈሌ በፊት የሥራ ባልደረባዬ ደብረ ማርቆስ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ እንድሄድ መከረኝ።

ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው እኚህ መካኒክ ሞተሩን አልነኩትም። በርጩማ ሳቡልኝና «ሲጠፋ እንዴት ነው የሚጠፋው?» አሉኝ። በአንዴ ነው ወይስ እየተንተፋተፈ? ዳሽቦርዱ አብሮ ይጠፋል ወይስ እንደበራ ይቀራል? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆመህ ሳለህ? ሲሞቅ ነው ወይስ ገና በጠዋት? ጥያቄው ሲበዛብኝ አንድ ነገር ገባኝ። እኔም የታመመች ላም ስትመጣልኝ መርፌ ከማውጣቴ በፊት ባለቤቷን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መቼ ጀመራት፣ ምን በላች፣ ሲነጋ ይብስባታል ወይስ ሲመሽ? ሙያቸው ከሙያዬ የራቀ አልነበረም። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ከዚያ አስረዱኝ። ሞተሩ ሲጠፋ ዳሽቦርዱም አብሮ ከጨለመ፣ የሚፈተሸው የባትሪው ራስ፣ ዋናው ፊውዝና የቁልፉ ቤት ነው። ዳሽቦርዱ በርቶ ሞተሩ በአንዴ ቀጥ ካለ ወደ ቦቢናው፣ ወደ ጎን መቆሚያው ስዊችና ሞተሩ ሲወድቅ ወደሚያጠፋው ሴንሰር ይኬዳል። ቆሞ ሳለ ሚኒሞ አልይዝ ካለ የአየር መግቢያው በር ጥላሸት ይዞ ይሆናል፤ ወይም የመግቢያው ጎማ ተሰንጥቆ አየር ይስባል፤ ወይም የቫልቩ ክፍተት ጠብቧል። እንደ እኔው ሞተር ብዙ ነዳጅ በሚጠይቅበት ዳገት ላይ እየተንተፋተፈ ከጠፋ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቤንዚን እጥረት ነው።

የከፍታውን ነገር ወዲያው ጣሉት። ደጀን አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ኢንጀክሽን ግን ግፊቱን የሚለካ ሴንሰር ስላለው ቤንዚኑን እንደ አየሩ ይመጥናል። ደግሞም ሞተሬ የሚጠፋው ቆላው ላይ እንጂ ደጋው ላይ አልነበረም። የማስጠንቀቂያ መብራቷ አለመብራትም ነገር ይናገር ነበር። በብዙ የሆንዳ ሞተሮች ይህች መብራት የጥፋቱን ቁጥር በብልጭታ ትነግራለች፤ ረጅሙ 10፣ አጭሩ 1 ነው፤ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር 12 ሲሆን ጣቱ ወደ ኢንጀክተሩ ይቀሰራል። ነገር ግን በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን ግፊት አይለካም። ፖምፓው ቢደክም መብራቷ ዝም ትላለች።

ከዚያ በኋላ ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሄደ። ቤንዚኑን በጠራ ብርጭቆ ቀድተን አሳረፍነው፤ ውሃ ቢኖርበት ከሥር ይዘቅጥ ነበር፤ የለበትም። ቀጥሎ ጋሼ ሄጄ ዳገት እንድወጣና ሲንተፋተፍ የሰርባቶዮውን ክዳን እንድከፍት አዘዙኝ። መተንፈሻው ተደፍኖ ቢሆን አየር እያፏጨ በገባና ሞተሩ ወዲያው በተነሳ ነበር። አላፏጨም። ቁልፉ ሲከፈት ፖምፓው ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ማጓራት አለበት፤ ጠዋት ጥርት ብሎ የሚሰማው ድምፅ ሞተሩ ሲሞቅ ደከም ይል ነበር። ይህን ያወቅሁት በገዛ ጆሮዬ ነው።

«እንግዲህ ፖምፓው ነው» አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የደከመ ሁሉ የታመመ አይደለም፤ የሚበላውም አጥቶ ይሆናል» ብለው ቴስተራቸውን አወጡ። ሞተሩ እንደሞቀና እየሠራ ባትሪው ላይ ለኩ፤ 14 ቮልት አካባቢ። የፖምፓው ሶኬት ላይ ለኩ፤ 11 ገደማ። ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀጥለው አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የፖምፓው ኔጋቲቭ ላይ አደረጉ። ዜሮ ሊጠጋ የሚገባው ቁጥር 3 አካባቢ ቆመ። የጠፋው ቮልት ተገኘ።

ሰርባቶዮውን ስናነሳ፣ የኔጋቲቩ ሽቦ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝገትና አቧራ ለብሶ ነበር። ቀዝቃዛ ሲሆን እንደምንም ያስተላልፋል፤ ሲሞቅ ያንቃል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ጥቂት ቤንዚን ስለሚበቃው ችግሩ አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ወደ 300 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ግፊት መያዝ ያለበት ፖምፓ ኃይል ያጥረዋል። ብሎኑን ፈትተን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈግነው፣ አጥብቀን አሰርነው፣ ዳግም እንዳይዝግ ቫዝሊን ቀባነው። የተቀየረ ዕቃ የለም። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በታች ወረደ፤ ሞተሩም ዳገቱን ሳይንተፋተፍ ወጣ።

ከዚህ የተማርኩት ስለ አንድ ብሎን አይደለም። አዲስ ፖምፓ ቢገባ እንኳ ያው ዝገት ያንቀው ነበር። ጥፋቱን ያገኘው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ጥያቄና ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒውተር ያለው ሞተርም አየር፣ ቤንዚን፣ ብልጭታና ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። እነዚህን በተራ በተራ የሚጠይቅ ሰው ሊፈራው አይገባም።

ገጠር ለገጠር በሞተር ለምትዞሩ የጤና፣ የግብርናና የትምህርት ባለሙያዎች ሁሉ የምለው ይህ ነው። ሞተራችሁ ሲጠፋ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አጠፋፉን ጻፉ፤ የት፣ በምን ፍጥነት፣ ሞቆ ወይስ ቀዝቅዞ፣ ዳሽቦርዱ በርቶ ወይስ ጠፍቶ። ማስታወሻውን ለመካኒኩ ስጡት። ፖምፓ ይቀየር ወይም ኮምፒውተር ይቀየር ከተባላችሁ ደግሞ ሞተሩ እንደሞቀ ቮልቱን በፊታችሁ አስለኩ። ሳይለካ ለሚቀየር ዕቃ ገንዘብ አትክፈሉ።