የአሞራ ጠበቃ

ዶርም ውስጥ ያወጡልኝን ስም ሳልደብቅ ልጀምር፤ «የአሞራ ጠበቃ» ይሉኛል። ያወጣልኝ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው የምሕንድስና ተማሪ ነው። ባዮሎጂውን ሳልተው ቅዳሜና እሑድ እዚሁ አዳማ ከአንድ ኮሌጅ ሕግ ልማር ማሰቤን የሰማ ዕለት፣ ብርድ ልብሱን እንደ ካባ ደርቦ ተነሣና፣ «ክቡር ፍርድ ቤት! ደንበኛዬ ፔሊካን ናት፤ አድራሻዋ ሻላ ሐይቅ፣ ደሴቱ ላይ» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን የሚሳቅበት ብቻ አይደለምና፣ አንድ ሁለት ገጽ ብትፈቅዱልኝ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላጫውታችሁ።

እኔ የቡልቡላ ልጅ ነኝ። ከአዳማ ተነሥቶ ሞጆ ላይ ታጥፎ፣ ቆቃን፣ መቂን፣ ባቱን አልፎ ወደ ሐዋሳ የወረደ ሁሉ በከተማችን አልፏል። አብዛኛው መንገደኛ ግን የሚያስታውሳት በስሟ አይደለም። «እስቲ እዚህ ጋ አቁምልኝ፣ ከሰል ልግዛ» የሚባልባት አገር ናት፤ በቃ። ጆንያው ከአስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ይቆማል፤ ሹፌሩ ወርዶ ይከራከራል፤ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። እኛ እናውቃለን። ከግራሩ ነው። ግራሩ ደግሞ ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ ሣርና አፈር ተመልሶበት እየታፈነ ከሰል የሚሆነው ከአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ እየወጣ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ድረስ ደብተሬም፣ ዩኒፎርሜም፣ የበዓል ጫማዬም የተገዛው በዚያ ከሰል ነው። እናቴ ቤት የከሰል ሽታ ልብስ ላይ እንደሚቀር ያወቅሁት እንኳ ዩኒቨርስቲ ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት ነው።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለመስክ ትምህርት አቢጃታ ሄድን። መምህራችን ከዳር አቁመውን ያስረዱን ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሻላና አቢጃታ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል። አቢጃታ ግን እንደ ዝርግ ሳህን ነው። ፔሊካን ቤቷን የሠራችው ሻላ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ላይ ነው፤ ጅብም ቀበሮም አይደርስባትም። ሻላ ላይ ግን ለእሷና ለጫጩቶቿ የሚበቃ ዓሣ የለም። ስለዚህ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ ክንፏን ዘርግታ በዚያው አየር ትንሳፈፍና አቢጃታ ትወርዳለች፤ ቆሮሶዋን ታጠምዳለች፤ ለልጆቿ ይዛ ትመለሳለች። መኖሪያዋ አንድ ሐይቅ፣ ገበያዋ ሌላ ሐይቅ ነበር ማለት ነው።

ገበያው ተዘጋ። አቢጃታ ውሃ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የሚወስድለት ፀሐይ ነው። የሚያስገባለት ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወርደው የኛው የቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራ ቀሎና ዝናብ ናቸው። ላይ ዝዋይ ዙሪያ ውሃው ለመስኖ ሲሳብ ወንዙ ቀጠነ። ታች ደግሞ በደርግ ዘመን ለተጀመረው የሶዳ አሽ ማምረቻ ከራሱ ከሐይቁ ይቀዳ ነበር። ከዚህም ከዚያም ሲጎድል ዳሩ እየሸሸ ሄደ፤ የቀረው ውሃ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፍላሚንጎስ ግድ የለውም፣ በጨው ውሃ የሚበቅለውን ዋቅላሚ እያጣራ ይኖራል። ፔሊካን ግን ለአንድ ጉርሻ ወደ ዝዋይና ወደ ሌሎቹ ሐይቆች ርቃ መብረር ግድ ሆነባት።

ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ መነጽር ተቀብዬ ወፍ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ሁለት መቶ ያህል ቆጥሬ ይሆናል፣ ከጀርባችን ጩኸት ተሰማ። ዞሬ በመነጽሩ አየሁ። አንድ የፓርክ ስካውት ሁለት አህያ ከሰል የጫኑ ሴት አስቁሟል። መነጽሩ ጥሩ መነጽር ነበር። እትዬ የምላቸው የጎረቤታችን ሴት ናቸው። ዩኒቨርስቲ የገባሁ ጊዜ ቆሎ ቆልተው፣ በመሐረብ ሃምሳ ብር ቋጥረው የሰጡኝ።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ የግድ በአጠገባቸው ማለፍ ነበረብን። አዩኝ። አዩኝና ፊታቸውን ወደ አህያዋ መለሱ፤ እኔን ከጓደኞቼ ፊት ላለማሳፈር እኮ ነው! አጠገቤ የነበረው ልጅ «እነዚህ ናቸው ፓርኩን የጨረሱት» አለ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። አላወቅኋቸውም መሰልኩና አለፍኩ። ውድ አንባቢ፣ የማፍርበት ነገር ከጠየቅኸኝ ያች ደቂቃ ናት።

አዳማ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። ሁለት አህያ ከሰል ያየ ሕግ፣ ሐይቅ ሲጎድል የት ነበር? ሕግ የሚማር ጓደኛዬ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አስገባኝና የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ፊቴ ዘረገፈልኝ። ሕግ የለም ብዬ ነበር የገባሁት፤ ለካ ሞልቷል! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የ1995ቱ አዋጅ ቁጥር 299 አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ተጽዕኖ ይገምገም፣ ሕዝብም አስተያየቱን ይስጥ ይላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ተከታዩ አዋጅ ቁጥር 300፣ አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው በሚለው ላይ ለመሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በስልሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንም ሰው! የላይኛው አልጋ ጓደኛዬ የቀለደባት ፔሊካን እንኳ አፍ ባይኖራት፣ የሚናገርላት ሰው «አንተ ምን አገባህ?» አይባልም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ዝም ተባለ? አንድ ምክንያት እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ የታየኝ ይመስለኛል። አቤት የሚል ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃው ያለው በኛ ትምህርት ክፍል መደርደሪያ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ታስሮ ነው። እኛ ነጋሪት ጋዜጣ አንከፍትም፤ እነሱ የውሃ ጨውነት የተለካበትን ሰንጠረዥ አያነቡም። የፓርኩ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለአሥርት ዓመታት በነጋሪት ጋዜጣ ታውጀው የተቋቋሙት ብሔራዊ ፓርኮች አዋሽና ሰሜን ብቻ ነበሩ፤ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው የሚባለው የኛው ፓርክ በዚያ ሁሉ ዘመን ካርታ እንደሌለው ቤት ነበር።

ሐሳቤን ለአንድ መምህር ባማክር፣ «ተው፣ ከሁለት ያጣ እንዳትሆን» አሉኝ። ለእኔ ተቆርቁረው ነው፤ አልቀየምኩም። ግን ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ከሁለት ያጡ ነበሩ? እኚህ ሰው የዕፅዋት ሊቅ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመርቀው ዌልስ አገር፣ ባንጎር፣ ዶክትሬታቸውን በዕፅዋት ሥነ ምህዳር ሠሩ። የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክሩን ይዘው ደረቅ ቅጠል ሲለዩ ኖሩ፤ የአስመራ ዩኒቨርስቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ነው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት የመሩት፤ እነዚያ የ1995 አዋጆችም የወጡት እሳቸው በኃላፊነት ላይ ሳሉ ነው። በውጭም ስለ ሕይወታዊ ደኅንነት የካርታኼና ስምምነት ሲደረደር አፍሪካን ወክለው ከሀብታሞቹ አገሮች ጋር የተሟገቱት፣ ስምምነቱም በጥር 1992 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ ሲጸድቅ እዚያው የነበሩት እኚሁ የቅጠል መምህር ናቸው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ላይ ዐረፉ። ጠበቃ አልነበሩም፤ የሚሟገቱለትን ነገር ግን በስሙ ያውቁት ነበር። ያወጡት ሕግ ሁሉ መሬት ላይ ሠርቷል ማለቴ አይደለም፤ የሞጆን ወንዝ አሽትቶ፣ የቆቃን ውሃ በዋቅላሚ አረንጓዴ ሆኖ ያየ እንዲህ ብዬ ባወራ ይስቅብኛል።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የግራር ጉቶ ቆጠራ ነበር። ከፓርኩ ዳር ጀምሮ ጉቶ በጉቶ፣ ቦታውን በጂፒኤስ እየያዝኩ። ሥራው ሲጋመስ ካርታውን ዘርግቼ ሳየው ደነገጥኩ። ነጥቦቹ የሚመሩት ወዴት መሰላችሁ? ወደ ሰፈራችን ነዋ! ይህን ወረቀት የያዘ ስካውት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም።

ለእረፍት ቡልቡላ ስገባ በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና አፈሉ። ያን ዕለት ስላደረግሁት ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «እኔ አላየሁህም፣ አንተም አላየኸኝም» ብለው ዘጉኝ። ቆይተው ግን ራሳቸው ጀመሩ። ባለቤታቸው አቢጃታ ላይ መረብ የሚጥሉ ሰው ነበሩ። ቆሮሶው እያነሰ፣ መረቡ ባዶውን እየወጣ ሲሄድ፣ መረቡን ሸጡና መጥረቢያ ገዙ። እንዲህ ነው የነገሩኝ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያ አንቀጽ 44 ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር አለው፤ መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ ይገባቸዋል ይላል። እትዬን ሁልጊዜ የማያቸው ተከሳሽ አድርጌ ነበር። ከሳሽ ቢሆኑስ? ፍርድ ቤት ያሸንፋሉ አልልም፤ የዓሣውን መጥፋት ዓመተ ምሕረትና ልክ ይዞ የሚያስረዳ ሰው ካልተገኘማ ጭራሽ። እንግዲህ ያ ሰው ማን ይሁን?

የጉቶውን ካርታ አልደበቅሁትም። ደብቄ ሳይንስ ነው ልል አልችልም። ግን ብቻውን እንዳይሄድ አንድ ምዕራፍ ጨመርኩበት፤ የሐይቁ ስፋት፣ የዓሣው ነገር፣ ሽማግሌዎቹ መረብ ያቆሙበት ዓመት። አማካሪዬ «ይኼ ባዮሎጂ ነው ወይስ አቤቱታ?» አሉና ሣቁ፤ አላስወጡትም። እትዬ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስሜን እንዳትጽፍ»። አልጻፍኩም።

ማታ ለእናቴ ሕግ ልማር መሆኑን ነገርኳት። እሳቱን እያራገበች ትንሽ ዝም አለችና፣ «ያ ኢልመ ኮ፣ ጠበቃ ስትሆን መጀመሪያ የምትከሰው ማንን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም በደንብ የለኝም።

ምዝገባው ቅዳሜ ነው። ለመመዝገቢያ የጎደለኝን ገንዘብ ትናንት በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችልኝ። ከምን እንዳገኘችው አልጠየቅኋትም።