ስለ አዮኖች ወለምታ

አማርኛ ለቅኔ እንጂ ለፊዚክስ አይበቃም የሚል ክርክር በግቢያችን የተለመደ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፣ ይልቁንም ከነፋስ ስልክ ላፍቶ በታክሲ የምንመላለሰው፣ ይህን ስንሰማ ደማችን ይፈላል። አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚናገረውን መሣሪያ ባዩ ጊዜ ነፋስ ስልክ አሉት፤ ጣቢያው የቆመበት ሰፈርም ስሙን ወረሰ። የውጭውን ቃል ቢበደሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

ስለዚህ ከፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ከባድ ርእስ ተቀብለን በአማርኛ ልናወራው ተነሣን። አዮን ማለት ኤሌክትሪክ የተሸከመ አቶም ነው። የሚያዝበት ወጥመድ የነፋስ ስልክ ዘመድ ነው፤ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓውል በ1989 የኖቤል ሽልማት የተካፈለበት ሲሆን፣ እንደ ሬዲዮ ሞገድ በፍጥነት በሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ መስክ ይይዛል። አዮኖቹ በሌዘር ሲቀዘቅዙ ይረጋሉ፤ እርስ በርስ ስለሚገፋፉም ተራርቀው ባንድ መሥመር ይሰለፋሉ። ከጎን የሚጨምቃቸው ኃይል ሲላላ ግን ሰልፉ ይጎብጥና አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ እያለ ዚግዛግ ይሆናል።

በላፍቶ የታክሲ ሰልፍ ለቆመ ሰው ይህ አስተማሪ አያሻውም። ግፊያ ሲበረታ ማን ወደ ግራ፣ ማን ወደ ቀኝ እንዲል ያዘዘ የለም፤ ሁሉም ጎረቤቱን አይቶ ነው። ግፊያው ቀስ ብሎ ከመጣ ወሬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ድንገት ከሆነ ፊተኞቹ ለብቻቸው፣ ኋለኞቹም ለብቻቸው ይመርጣሉ፤ መካከል ላይ ሁለት ሰዎች ባንድ ወገን ተደርበው ይቀራሉ።

ቶም ኪብል በ1976 ይህን ሐሳብ ያነሣው ስለ ጽንፈ ዓለም ልደት ነበር። ቮይቼክ ዙሬክ በ1985 ከሰማይ አውርዶ ወደ ሂሊየም አመጣው። በ2013 የማይንዝ ተመራማሪዎች በ16 የካልሲየም አዮኖች፣ የብራውንሽቫይግ ሰዎች ደግሞ በኢተርቢየም ሞክረው፣ ለውጡ ሲፈጥን መደናበሩ እንደሚበዛ አዩ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ታዲያ ስሙ ማን ይባል? ስብራት እንዳንል የተሰበረ የለም። ጉድለት እንዳንል 16ቱ አሁንም 16 ናቸው። አንዲት ጓደኛችን «ወለምታ» አለች፤ አጥንቱ ሙሉ ነው፣ መገጣጠሚያው ግን ከስፍራው ሸሽቷል። አጨበጨብን። የፊዚክሱ ልጅ ብቻ ተቃወመ፦ ወለምታን ወጌሻ አሽቶ ይመልሰዋል፤ ይህ ግን ባለበት ቢያሹት አይለቅም፤ ወይ በሰልፉ ጫፍ ይወጣል፣ ወይ ተቃራኒውን አግኝቶ አብሮት ይጠፋል አለ። ልጁ እውነት አለው። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልን፤ እስከዚያው በደብተራችን ላይ ወለምታ ብለን ጽፈነዋል።